ከአሳሽ ላይ ስለሚታዘዝ ፋይል አጋሪ፤ የጥቂት ስያሜዎች ምርመራ

ፋይል አጋሪ የሚባለው ፕሮግራም፣ ሰዎች በየኮምፒውተራቸው ያለውን ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ፊልም በመረብ አማካይነት እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡበት መሣሪያ ነው። ከነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ባለቤታቸው በኮምፒውተሩ ፊት እንዲቀመጥ ግድ አይሉም። ኮምፒውተሩ በአንድ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል፤ ባለቤቱም በሌላ ስፍራ ሆኖ፣ በስልኩ አሳሽ አንድ ገጽ ከፍቶ፣ ይህን ጀምር፣ ያን አቁም፣ ያንኛውን ሰርዝ ይለዋል። ይህን አሠራር በአማርኛ የሚገልጹት ቃላት እስካሁን አልጠሩም። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ፣ ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ አገልግሎት ገና መጀመሩ ነበርና፣ ከዚያ ይህን መጠበቅ አይገባም።

ጉዳዩን ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋ አንጻር ለመመልከት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አገር የአማርኛ ስያሜ የመጨረሻ ማረፊያ አይሆንም። ከቢለን፣ ከአውኚና ከቅማንትኛ ጋር የአገው ቋንቋዎች ወገን የሆነው ኽምጣና ይነገራል፤ የሚጻፈውም በፊደላችን ነው። ወደ ኽምጣና የሚመልሰው ተርጓሚ መነሻው የአማርኛ ጽሑፍ በሚሆንበት ጊዜ፣ በአማርኛው የተሳተ ቃል በኽምጣናው ሁለት ጊዜ ይሳታል። ከዚህም ሌላ የመገናኛው መስመር ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወቃል። መስመር በሚቋረጥበት ስፍራ ደግሞ የስያሜ ጉድለት ፈጥኖ ይታያል።

ይኸውም እንዲህ ነው። እንበልና በሰቆጣ በአንድ ትምህርት ቤት ፋይል አጋሪ የተጫነበት ኮምፒውተር አለ። ከውጭ የሚመጣው መስመር ተቋረጠ። ፕሮግራሙ ከሩቅ ሰዎች ጋር የሚያደርገው ልውውጥ ይቆማል። ነገር ግን በግቢው ውስጥ ያለው የገመድ አልባ መረብ እስከ ሠራ ድረስ፣ መምህሩ ከሌላ ክፍል ሆኖ በአሳሹ የፕሮግራሙን ገጽ ይከፍታል፤ ትእዛዙም ይደርሳል። እንግዲህ ሁለት መንገዶች አሉ ማለት ነው፤ አንዱ ፋይል የሚመላለስበት፣ ሁለተኛው ትእዛዝ የሚተላለፍበት። «ፋይልን ከርቀት መቆጣጠር» የሚለው የተለመደ አነጋገር ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። የሚታዘዘው ፕሮግራሙ እንጂ ፋይሉ አይደለም፤ ርቀቱም የግድ የአገር ርቀት አይደለም፤ የአንድ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ሆኖም «የርቀት ትምህርት» በሕዝቡ አፍ የጸና በመሆኑ፣ «ርቀት» የሚለውን ቃል መተው አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም።

የበለጠ የሚያሳስበን «መቆጣጠር» ነው። ተቆጣጣሪ በአማርኛ በመጀመሪያ የሚመለከት፣ የሚመረምር ሰው ነው፤ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ መዝገብ ያያል እንጂ አያስተምርም። «ይህ ገጽ ፕሮግራሙን ለመቆጣጠር ያገለግላል» ተብሎ የተጻፈለት አንባቢ፣ ገጹ ቢከፈትበት ሌላ ሰው ሊያይበት እንጂ ሊያዝበት እንደሚችል ላያስብ ይችላል። እውነቱ ግን ገጹን የከፈተ ሁሉ ፋይል ሊያስመጣና ሊያጠፋ ይችላል። ኪውቢትቶረንት የተባለው ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት ገጹ የሚከፈተው ለሁሉም አንድ በሆነና በሰፊው በታወቀ የይለፍ ቃል ነበር፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ ጊዜያዊ ቃል ማውጣት የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ነው። በትራንስሚሽን ላይም በ2010 ዓ.ም. የጉግል ተመራማሪ የሆነው ታቪስ ኦርማንዲ ሌላ ቀዳዳ አሳይቷል። ተንኰለኛ ገጽ የአድራሻ ስሞችን በማጭበርበር፣ በባለቤቱ በራሱ አሳሽ በኩል፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ላለው ፕሮግራም ትእዛዝ ሊያደርስ ይችል ነበር። ስለዚህ «የርቀት ቁጥጥር» በሚለው ፈንታ «የርቀት ትእዛዝ» እንዲባል እንመርጣለን፤ ገጹንም «የትእዛዝ ገጽ» እንለዋለን። ለቴሌቪዥኑ ሕዝቡ «ሪሞት» ብሎ ጨርሶታልና እዚያ አንገባም።

ለገጹ «ምስለኔ» የሚለውን ነባር ቃል የሚያቀርቡ አሉ። ቃሉ ያማረ ነው፤ «እንደ እኔ» ማለት ሆኖ፣ ከ«እንደራሴ» ጋር በአንድ ሥርዐት የተሠራ ነው። ዋግ ሹሞች ሲያስተዳድሩት በኖሩት አገርም እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን ምስለኔ ሿሚው በሌለበት በራሱ ፈርዶ ይሠራል፤ የትእዛዝ ገጽ ግን የተሰጠውን ከማድረስ በቀር አንዳች አይወስንም። በእኛ አስተያየት ምስለኔ በሌላው ስም ሆኖ ለሚጠይቅና ለሚቀበል አማላጅ ኮምፒውተር ቢቀመጥ ይሻላል።

አሁን በሰፊው የሚሠራበት «ወደብ» ደግሞ አንባቢን ያሳስታል። ትራንስሚሽን የትእዛዝ ገጹን በቁጥር 9091፣ ኪውቢትቶረንት በ8080፣ ኢምዩል በ4711 ይጠባበቃሉ፤ እነዚህ ቁጥሮች «የወደብ ቁጥር» ተብለው ይተረጐማሉ። ወደብ መርከብ የሚያርፍበት ስፍራ ነው፤ የሚዘጋና የሚከፈት መሆኑ በቃሉ ውስጥ አይሰማም። «በር» ብንለው ግን መዝጊያና ጠባቂ እንዳለው ይገባል። በደጋው አገር በር የተራራ መተላለፊያም ነው፤ ጣርማ በርን ያስታውሷል። «የበር ቁጥር 9091 ለውጭ ክፍት ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያለ ማብራሪያ የማይረዳ የሰቆጣ ሰው ይኖራል ብለን አናምንም።

«ደንበኛ» የሚለውም እንዲሁ የቃል በቃል ትርጉም ነው። ፋይል አጋሪውን «የቢትቶረንት ደንበኛ» ብሎ መጻፍ፣ ከአንድ ነጋዴ ዕቃ የሚገዛ ሰው ያስመስለዋል። ከአገልጋይ አንጻር «ተገልጋይ» በቂ ነው፤ በመሥሪያ ቤቶችም የተለመደ ነው። በኛ ጉዳይ አገልጋዩ ፋይል አጋሪው፣ ተገልጋዩ አሳሹ መሆኑን ተርጓሚው ልብ ይበል። «አሳሽ» ራሱ አገር አሳሽን ቢያስታውስም ጸንቷልና አንነካውም።

ስለ «መጫን» ጥቂት እንበል። በሱቅ «ዘፈን አስጫንኩ» የሚል ሰው ስልኩን እንደ አጋሰስ ቆጥሮ ነው፤ የአሞሌ ጨው ይራገፍበት ለነበረው ለሰቆጣ ገበያ ይህ ምሳሌ ቅርብ ነው። የፕሮግራም ትርጉሞች ግን «ጫን»ን ፕሮግራምን በኮምፒውተር ላይ ለመትከል፣ «አራግፍ»ን ለማስወገድ ይዘውታል። ፋይልን ወደ ራስ ለማምጣት «አውርድ»፣ ወደ ሌላ ለመላክ «ስቀል» ይላሉ። ከተከዜ ሸለቆ ወደ ደጋው የሚያመጣ ሰው «አወጣሁ» እንጂ «አወረድሁ» ስለማይል፣ በአንድ የትእዛዝ ገጽ ላይ «አምጣ» እና «ላክ» ቢባል አቅጣጫው ይበልጥ ይጠራ ነበር። ቢሆንም «አውርድ» ከልማድ የሚመለስ አይመስለንም፤ የምንከራከረው በ«ስቀል» ላይ ብቻ ነው።

ከሁሉ የቀለለን የተጋሪዎቹ ኅብረት ስም ነው። ብራም ኮኸን በ1993 ዓ.ም. ባወጣው በቢትቶረንት ሥርዐት፣ አንድ ፋይል በብዙ ቁራሽ ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ያለውን ቁራሽ እየሰጠ የጐደለውን ይቀበላል፤ ፕሮግራሙም ለሚሰጠው አብልጦ ይሰጣል። «ደቦ» ለዚህ አይሆንም፤ ደቦ ጠሪው ደግሶ የሚያሠራበት ነው። ዛሬ ላንተ ነገ ለኔ ተባብሎ ጕልበት የሚለዋወጡበት «ወንፈል» ግን በትክክል ይገጥማል። በወንፈሉ ያሉት «ወንፈለኞች»፣ ሙሉውን ፋይል ይዞ የሚሰጠው «ዘሪ» ይባል። ተቀብሎ ለሚሰወረው በእንግሊዝኛ የአልቅት ስም ወጥቶለታል፤ አማርኛው «አልቅት» ብሎ ቢወስደው የሚከፋ አይደለም።

«ቶረንት» ግን በውሰት ይቆይ። «ጐርፍ» ብለው የተረጐሙት አሉ፤ የእርሻውን አፈር ጐርፍ ጠርጎ ለሚወስድበት ለዋግ ገበሬ ግን ቃሉ የሚነግረው ስለ ማጣት እንጂ ስለ መጋራት አይደለም።