ሰው ሠራሽ አስተውሎት፤ ተስፋውና ሥጋቱ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ ሱዳን የሚወርደው የራሃድ ወንዝ በገዳሪፍ ግዛት የሀዋታን ከተማ ይነካል። አካባቢው ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ እንደ መሆኑ መጠን ከመተማ፣ ከቋራና ከሌላውም የጎንደር ክፍል ተነሥቶ ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ ሲወርድ የኖረው ወገናችን ብዙ ነው።

በተቋማችን አጠገብ ከሚኖሩትና ብዙ ክረምት በሀዋታ ካሳለፉት አንዱ በቅርቡ ስልኩን እያሳየ እንዲህ ሲል ጠየቀን፤ «መምህር፣ ሀዋታ ሳለሁ በዓረብኛ የተጻፈ የሥራ ውል ፈርሜ፣ የተነገረኝ ሌላ የተከፈለኝ ሌላ ሆነብኝ። አሁን ልጄ ይህች ስልክ ማንኛውንም ጽሑፍ አንብባ ትነግርሃለች ይለኛል። ሌሎች ደግሞ የሚያስብ መሣሪያ መጥቶ የቀን ሠራተኛውን ሁሉ ከሥራ ያስወጣል ይላሉ። የቱን ልመን?»

ይህ ጥያቄ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ተማሪዎቻችንም ሆኑ እኛ መምህራን የምንጠይቀው ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

የእንግሊዙ የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ መሣሪያ ማሰብ ይችል እንደ ሆነ በጽሑፍ የጠየቀው በ1950 እ.ኤ.አ. ነበር። ከ6 ዓመት በኋላ በአሜሪካ በዳርትማውዝ ኮሌጅ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንለውን የጥናት መስክ በዚሁ ስም ጀመሩት። ሰፊው ሕዝብ ግን ከነገሩ ጋር የተዋወቀው ይልቁንም ቻት ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ነው።

አሠራሩን በክፍል ውስጥ በቀላሉ ማሳየት ይቻላል። «ድር ቢያብር» ብለን ብናቆም ተማሪዎች በአንድ ድምፅ «አንበሳ ያስር» ይላሉ። ይህን የሚሉት አንበሳ በድር ሲታሰር አይተው ሳይሆን አባባሉን ደጋግመው ስለ ሰሙ ነው። መሣሪያውም በመሠረቱ እንደዚሁ ነው። ሰዎች የጻፉት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ እርሱም ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል በስሌት መገመትን ይለማመዳል። ስለ ሆነም ብዙ በተጻፈበት ነገር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ይመልሳል፤ ጥቂት በተጻፈበት ላይ ግን ግምቱ ይስታል። አስቸጋሪው ነገር ሲያገኝም ሲስትም የአነጋገሩ ልበ ሙሉነት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

አማርኛ በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ቢነገርም በኮምፒውተር የሚገኘው ጽሑፉ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ጉግል አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ያካተተው ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ላይ አጻጻፋችን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይም። «ልጁ ይመታል» ተብሎ ሲጻፍ ሌላውን መምታቱ ነው ወይስ እርሱ መመታቱ? «ይከፍላል» እና «ይከፈላል»ም የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። በሥራ ውል ላይ ግን ማን ከፋይ፣ ማን ተከፋይ እንደ ሆነ የምትወስነው ይህችው ፊደል ናት።

ተስፋው

ይህም ሆኖ የሕዝቡ ተስፋ ከንቱ አይደለም። ዓረብኛ የማያነብ ሠራተኛ ከመፈረሙ በፊት የውሉን ፍሬ ነገር ቢረዳ፣ ገበሬ የታመመ ቅጠል በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ምን እንደ ነካው ቢጠይቅ፣ ዐይነ ስውር ተማሪ መጽሐፍ ቢነበብለት፣ ብዙ ተማሪ የሚያስተምር መምህር ተጨማሪ መልመጃ ቢያገኝ ትልቅ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት ተቋቁሞ በኋላ ኢንስቲትዩት የሆነው የአገራችን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቋምም ይህንኑ ዕውቀት ለአገር ጥቅም ለማዋል የተመሠረተ ነው።

ሥጋቱ

የመጀመሪያው የእንጀራ ሥጋት ነው። ለዚህ የገዳሪፍ ሜዳ ራሱ ትምህርት ይሰጠናል። በዚያ በትራክተር ማረስ የተጀመረው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር። ትራክተሩ የሚታረሰውን መሬት አሰፋው፤ አረሙና አጨዳው ግን በእጅ ስለ ቀረ ይበልጥ ብዙ ሠራተኛ አስፈለገ። ሰሊጥ በተለይ ሲደርስ የፍሬው ማቀፊያ ተከፍቶ ስለሚረግፍ በወቅቱ በእጅ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ቆሞ መድረቅ አለበት። እንግዲህ መሣሪያ መጣ ማለት ሥራ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ነገር ግን ሥራው ስለ በዛ የሠራተኛው ድርሻ አብሮ ያድጋል ማለትም አይደለም፤ ለዚህ ጠያቂያችን ራሱ ምስክር ነው። የአሁኑ መሣሪያ ደግሞ ከማጭዱ ይልቅ ቀድሞ የሚነካው የጽሕፈትንና የትርጉምን ሥራ ይመስላል።

ሁለተኛው የመታለል ሥጋት ነው። በሱዳን ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን የወረዱት የዑመር አል በሺር ድምፅ ነው የተባለ ቅጂ በቲክቶክ ተሠራጭቶ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ ተሰማ። ቢቢሲ እንደ ዘገበው ግን ቃሉ የሌላ ተናጋሪ ሲሆን ድምፁ በመሣሪያ የተለወጠ ነበር። ማታለያው የታወቀው የንግግሩ አካሄድና ፋታ ከዚያ ተናጋሪ ንግግር ጋር ተስተያይቶ አንድ ሆኖ በመገኘቱ ነው። የታወቀ መሪ ድምፅ እንዲህ ከተመሰለ፣ ድንበር ማዶ ያለ ዘመድ «ገንዘብ ላኩልኝ» ሲል ብንሰማ ድምፁን ብቻ አምነን መላክ አይገባንም።

ሦስተኛው የእኛው የመምህራን ሥጋት ነው። ተማሪው ድርሰቱን መሣሪያው ከጻፈለት ማርኩን ያገኝ ይሆናል፤ ሐሳብን አዘጋጅቶ የመግለጽ ችሎታን ግን አያገኝም። ይህ ችሎታ የሌለው ሰው ደግሞ መሣሪያው ሲሳሳት ስሕተቱን የሚለይበት ዐይን አይኖረውም።

በክፍል ምን እናድርግ?

መከልከል ብቻውን አይበቃም። የሚከተለውን መልመጃ እንሞክር። ተማሪዎች በሚገባ ስለሚያውቁት ነገር፣ ለምሳሌ ስለ ቀበሌያቸው ወንዝ ወይም ስለ አካባቢያቸው እህል፣ መሣሪያውን ይጠይቁ። ስልክ በሌለበት መምህሩ መልሱን አስቀድሞ ገልብጦ በሰሌዳ ይጻፈው። ከዚያ ተማሪዎቹ መልሱን እንደ ፈተና ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ይረሙት። የቱ ትክክል ነው? የቱ ስሕተት ነው? በምን አወቅን? ማንን ብንጠይቅ ይረጋገጣል? በመጨረሻም የታረመውን በራሳቸው ቃል ይጻፉት። በዚህ ዓይነት መሣሪያው አስተማሪ መሆኑ ቀርቶ ታራሚ ይሆናል።

ለጠያቂያችንም የመለስንለት ከዚህ የራቀ አይደለም። ወረቀቱን ስልክህ ታንብብልህ፤ ምን እንደሚል በመጠኑ ታውቃለህ፤ የማታውቀውንም ለመጠየቅ ይረዳሃል። ነገር ግን የገንዘቡን ቁጥር፣ ቀኑንና ከፋዩን ዓረብኛ የሚያነብ የምታምነው ሰው ሳያይልህ አትፈርም አልነው። መሣሪያው ቢሳሳት ጉዳቱ የሚደርሰው በፈረመው ሰው ላይ ነውና።