የአሠልጣኝ ሐኪሞች የምርምር ክህሎት ለታካሚው ምን ይፈይዳል?

የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስት ሕፃን፣ እናት፣ አረጋዊ ሳይለይ መላውን ቤተሰብ በቅርበት የሚከታተል ሐኪም ነው። በኢትዮጵያ የዘርፉ የስፔሻሊቲ ሥልጠና በ2005 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሠልጣኙ ታካሚ ከማየት ጎን ለጎን ምርምር ማካሄድንም ይማራል፤ መንገዱን የሚያሳየው አሠልጣኙ ሐኪም ነው።

ይሁን እንጂ ጥሩ ሐኪም መኾን ብቻውን ጥሩ የምርምር አማካሪ አያደርግም። ጥያቄ መቅረጽ፣ የናሙና መጠን መወሰን፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ማግኘትና መረጃ መተንተን ራሱን የቻለ ክህሎት ይጠይቃል። አሠልጣኙ ይህ ከጎደለው የሠልጣኙ ጥናት ለምረቃ ማሟያ ብቻ ኾኖ ይቀራል።

ጉዳቱ ለታካሚውም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ከር ዋይትና ባልደረቦቻቸው የአሜሪካንና የእንግሊዝን መረጃ መሠረት አድርገው ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1 ሺህ አዋቂዎች በአንድ ወር ውስጥ 750 ያህሉ ሕመም ይሰማቸዋል፤ 250ዎቹ ሐኪም ያማክራሉ፤ 9ኙ ሆስፒታል ይተኛሉ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚላከው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ምርምር በትልልቅ ሆስፒታሎች ከታጠረ የብዙኀኑ ሕመም ሳይጠና ይቀራል። በምርምር ማዕከል ብቻ ተሞክሮ በአርሶ አደሩ ማሳ ያልተፈተነ ዘር እንደማለት ነው።

ለምሳሌ አንድ ሠልጣኝ “የደም ግፊት በገጠር” የሚል ሰፊ ርዕስ ይዞ ቢመጣ፣ ክህሎት ያለው አማካሪ ጥያቄውን ያጠብለታል፤ “በዚህ ጤና ጣቢያ ታካሚዎች ቀጠሮ የሚያቋርጡት በየትኞቹ ወራት ነው?” ይለዋል። መልሱ በመዝገቡ ላይ ይገኛል። መቅረቱ በአጨዳና በውቂያ ወቅት የሚበረክት ከኾነ፣ ታካሚው አስቀድሞ የወራት መድኃኒት እንዲይዝ ማመቻቸት ይቻላል።

ስለዚህ ለአሠልጣኞች የሚደረገው ድጋፍ ከአንድ ሰሞን ሥልጠና ማለፍ ይኖርበታል። ከወረፋ ነጻ የኾነ የምርምር ሰዓት ያስፈልጋቸዋል፤ ካልተመደበ ታካሚ የሞላበት ቀን ይውጠዋል። ከኅብረተሰብ ጤና መምህራን ጋር ተጣምረው አንድን ጥናት ከጥያቄው እስከ ውጤቱ በጋራ ቢመሩ ደግሞ በሥራ ላይ ይማራሉ። ውጤቱም ጥናቱ ወደተካሄደበት ጤና ጣቢያ ተመልሶ ለባለሙያውና ለኅብረተሰቡ ሊነገር ይገባል።