ጉዝጓዙ ሲረጥብ

(ድምፅ፦ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፤ ከሥሩ የጫጩቶች ጫጫታ)

ተራኪ፦ ለእንቁጣጣሽ ገበያ የሚደርስ የሥጋ ዶሮ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቤት መግባት አለበት። ለማደግ 45 ቀን ግድም ይበቃዋል። ችግሩ እነዚያ ቀናት በሀዲያ ዞን ሾኔ ላይ ፀሐይ የሚናፈቅባቸው መሆናቸው ነው።

ከሐላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድ ሾኔን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ አካባቢ ገበያ ዶሮ በአብዛኛው የሚሸጠው ከነነፍሱ ነው። ገዢ እግሩን ይዞ ይዘቀዝቀዋል፤ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል። መዳፉ ያበጠ፣ ጥቁር ቅርፊት ያበጀ ከሆነ ዋጋ ለመስበር ምክንያት አገኘ ማለት ነው። አርቢው ግን ከዚያ በፊት ከስሯል፤ እግሩን ያመመው ዶሮ ወደ መኖው አይሄድም፣ ይተኛል፣ አይከብድም።

(ድምፅ፦ ውሃ ከጄሪካን ሲቀዳ)

ሕመሙ የሚጀምረው ከወለሉ ነው። በ5ኛው ሳምንት 100 የሥጋ ዶሮ በቀን አንድ ባለ 25 ሊትር ጄሪካን ያህል ውሃ ይጠጣል። አብዛኛው በኩስና በትንፋሽ ተመልሶ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። እርጥብ ኩስ ሲብላላ አሞንያ ይወጣዋል፤ እርጥበቱ የመዳፉን ቆዳ ያላላል፣ አሞንያው ያቃጥለዋል። በተከፈተው ቁስል ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሲገባ መዳፉ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል።

ክረምት ላይ ብዙዎቻችን የምንሠራውን ታውቃላችሁ፤ ጫጩቶቹ እንዳይበርዳቸው ብለን መስኮቱን በላስቲክ እንጠረቅማለን። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀት ግድ ነው፤ እውነት ነው። ላባ ካወጡ በኋላ ግን ያ ላስቲክ ጄሪካኑን ሙሉ ውሃ ቤት ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ከታች ያለው ተሸፍኖ ከላይ በጣሪያው ሥር ያለው ክፍት ይሁን። እንደ ዶሮዎቹ ቁመት ቁጢጥ በሉና አሽትቱ፤ ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው።

ለጉዝጓዝ ከአናጢ ቤት የሚገኘው የእንጨት ፍቅፋቂ ከደቃቁ ሰጋቱራ ይሻላል። የጤፍ ጭድም ይሆናል፤ ግን አጠር ተደርጎ ካልተከተፈ ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይነጠፍ። መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ቆጮ ጨምቃ የምታውቅ የሀዲያ እናት በእጇ ትለየዋለች፦ አንድ ጭብጥ ጨምቃ ስትለቀው ከተበተነ ደህና፤ እንደ ኳስ ከቀረ እርጥብ ነው። የተጋገረው ሁልጊዜ የሚገኘው በመጠጫው ዙሪያ ነውና በየቀኑ እየተነሣ በደረቅ ይተካ። መጠጫው ራሱ በዶሮው ጀርባ ልክ ከፍ ይበል፤ ዝቅ ካለ ይደፉታል። በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 በላይ ማጨቅ፣ በተለይ በክረምት፣ የራስን ትርፍ መብላት ነው።

ቤት ውስጥ መኖ የምታደባልቁ፣ ጨዉን በእፍኝ አትስፈሩ። ጨው የበዛበት ዶሮ ብዙ ይጠጣል፣ ኩሱም ይቀጥናል። ባዮቲንና ዚንክ የጎደለው መኖም ቆዳውን ያሳሳዋል፤ የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጡን ለቁጠባ ብሎ መተው ያስከፍላል።

የሚያነክስ ሁሉ ግን የመዳፍ ቁስል የለበትም። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ከተጠቀለሉ የቫይታሚን ቢ2 እጥረት ሊሆን ይችላል። እግሩ ሽባ ከሆነ፣ አንገቱ ከተጠማዘዘ፣ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ቁስሉ ገና ቅርፊት ብቻ ከሆነ ሕክምናው ጉዝጓዙን መለወጥ ነው፤ ደረቅ ላይ የቆመ መዳፍ ይድናል። ያበጠውን ለይታችሁ ለብ ባለ ጨዋማ ውሃ ዘፍዝፉ፣ በአዮዲን አጽዱ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉ። አትቅደዱት። ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት ሐኪም ካላዘዘ አይሰጥ፤ ከተሰጠም መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ በመለያው ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ለበዓል ብሎ መሸጥ የሰው ጤና ላይ መፍረድ ነው።

(ድምፅ፦ የገበያ ሁካታ)

በስዊድን፣ በፈረንጆች ከ1990ዎቹ ጀምሮ፣ ቄራ ላይ የዶሮ እግር እየታየ ነጥብ ይሰጠዋል። መዳፉ የተበላሸ መንጋ ያመጣ አርቢ በሚቀጥለው ዙር ዶሮ እንዲቀንስ ይደረጋል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መርማሪ የለም፤ እግር ይዞ የሚዘቀዝቀው ገዢ አለ።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ ጫጩት ስለ ማከፋፈል ብዙ ይወራል። ስለሚቆሙበት ወለል ግን እምብዛም። ዶሮዎቹ ከተሸጡ በኋላ አሮጌው ጉዝጓዝ ለእንሰቱ ማዳበሪያ ይውጣ፤ ቤቱ ይታጠብ፣ ይረጭ፣ ሁለት ሳምንት ባዶውን ይድረቅ። ቀጣዮቹ ጫጩቶች ከዚያ በኋላ ይግቡ።