«ሸረሪት ሸናብኝ» ከማለታችሁ በፊት



እዚህ ቦንጋ አንዲት እናት ገና ከመቀመጣቸው ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩኝ። «ዶክተር ልጄ፣ የሸናብኝ ይኸውልህ!» አሉኝ። ፎቶው ላይ ጣሪያ ጥግ የተንጠለጠለች፣ እግሮቿ ክር የመሰሉ ሸረሪት አለች። ልብሳቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ከጀርባቸው ተነስቶ በቀኝ ጎናቸው እስከ ጡታቸው ሥር የዞረ፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አየሁ። ስድስተኛ ቀኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤቱን በሙሉ ፀረ-ተባይ ረጭተዋል፣ ሽፍታው ላይም የጥርስ ሳሙና ቀብተዋል።

ሸረሪቷ ግን ምንም አላደረገችም። በሽታው አልማዝ ባለጭራ ነው።

ካፋ ዝናቡ ብዙ፣ ደኑም ቅርብ ነው። ትንኝና ዝንብ ባለበት ደግሞ ሸረሪት አትጠፋም። ቤት ውስጥ በብዛት የምናያቸውን እንለያቸው፦

1. ባለ ቀጭን እግሯ፦ ጣሪያ ጥግና ከቁም ሳጥን ጀርባ የተዝረከረከ ድር ትሠራለች። ስትነኳት ድሯ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ጉዳት የላትም።

2. ዘላዋ፦ ትንሽና ጸጉራም ናት። ከፊት ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሏት። ድር ዘርግታ አትጠብቅም፤ ዘላ ነው ዝንብ የምትይዘው። ስትጠጓት ዞር ብላ ታያችኋለች።

3. ጠፍጣፋዋ፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ትመስላለች፤ ስትነካ ግን በጣም ትሮጣለች። የምታስደነግጠው በፍጥነቷ ነው እንጂ ለሰው አደገኛ አይደለችም።

አብዛኞቹ ሸረሪቶች መርዝ አላቸው፤ ግን ለነፍሳት ነው። ሰውን የሚነክሱት ልብስ ወይም ጫማ ውስጥ ሲጨፈለቁ ነው። ከሰውነታቸው የሚያወጡት ነጭ ጠብታም እንዲህ ዓይነት ሽፍታ አያመጣም።

መጠንቀቅ ያለብን ከየትኛዋ ነው? ሆዷ ክብ እንደ አተር፣ ጥቁር ወይም ቡናማ ሆና ከሆዷ ሥር ቀይ ወይም ብርቱካናማ ምልክት ካላት አትንኳት። እንዲህ ያለችው ማገዶ ክምርና አሮጌ ዕቃ ሥር ትደበቃለች። ከነከሰች በኋላ ኃይለኛ ሕመም፣ የጡንቻ መኮማተርና ላብ ከመጣ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ታዲያ አልማዝ ባለጭራ ከየት ይመጣል?

ከውጭ ሳይሆን ከራሳችን ውስጥ ነው። በልጅነታችን ጉድፍ ወይም ቺክን ፖክስ ያስያዘን ቫይረስ ከዳንን በኋላም ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነሳል። አንድ ነርቭ ተከትሎ ስለሚወጣ እንዲህ ትለዩታላችሁ፦

✅ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ለቀናት ያቃጥላል ወይም ይወጋል
✅ በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ ይሰለፋል
✅ ውሃ የቋጠሩ ብዙ ትንንሽ እብጠቶች አሉት

የሸረሪት ንክሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

⚠️ እንደ አሲክሎቪር ያሉ መድኃኒቶች ይበልጥ የሚሠሩት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመሩ ነው። ግንባር፣ አፍንጫ ጫፍ ወይም ዓይን አካባቢ ከወጣ ዕይታን ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ቀን ታከሙ። የስኳርና የኤች አይ ቪ ምርመራም ሐኪም ካዘዘላችሁ አትፍሩት። ሽፍታው እስኪደርቅ ሸፍኑት፤ ጉድፍ ይዟት ከማያውቅ ነፍሰ ጡርና ከጨቅላ ሕፃን ራቁ።

እኚያ እናት አዲስ እብጠት ገና እየወጣባቸው ስለነበር መድኃኒቱን ጀመርንላቸው። ቁስሉ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን ቀረ። ከወራት በኋላም ነጠላቸው ጎናቸውን ሲነካው ያቃጥላቸው ነበር። ቶሎ መታከም የሚጠቅመው እንዲህ ያለውን ለመቀነስ ጭምር ነው።

ሸረሪቷን በብርጭቆ ክደኑና ከሥሯ ወረቀት አስገብታችሁ ወደ ውጭ ልቀቋት። ሽፍታውን ግን ለሐኪም አሳዩ።

«ሸረሪት ሸናብኝ» የሚል ዘመድ ካላችሁ ይህን አሁኑኑ ሼር አድርጉለት።