ስለ ዘር ጽሕፈት ከክሎሮፕላስት ወደ ኒውክለስ መተላለፍ

የተክል ቅጠል በማጉያ መነጽር ሲመረመር፣ ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ሆኖ ይታያል። በሕዋሱ ውስጥ ኒውክለስ የሚባል እምብርት አለ። በዙሪያውም ክሎሮፕላስት የሚባሉ አረንጓዴ እንክብሎች ይገኛሉ፤ እነዚህም የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ከውሃና ከአየር የተክሉን ምግብ ያዘጋጃሉ። ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው የዘር ጽሕፈት አብዛኛው በኒውክለስ ውስጥ ተቀምጧል፤ ነገር ግን ክሎሮፕላስትም የራሱ የሆነ ጥቂት ጽሕፈት አለው።

ይህ ስለ ምን ሆነ ቢባል፣ የክሎሮፕላስት አባት ከ1 ቢሊዮን ዓመት በፊት ለብቻው ይኖር የነበረ ሳያኖባክቴሪያ የሚባል ደቂቅ ፍጥረት ነው። ይህንም ሌላ ትልቅ ሕዋስ ዋጠው፤ ነገር ግን ሳያጠፋው ቀርቶ አብረው መኖር ጀመሩ። ዛሬ ለብቻው ከሚኖሩት ወገኖቹ አንዱ፣ ሲነኮሲስቲስ የሚባለው፣ ከ3000 የሚበልጥ ዘረ መል አለው። የብዙ ተክሎች ክሎሮፕላስት ግን ያለው ከ100 እስከ 130 የሚሆን ብቻ ነው። ከቀረው ከፊሉ ጠፋ፤ ከፊሉም ወደ ኒውክለስ ገባ።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው አየርን ወደ ምግብ ለመለወጥ የሚሠራው ሩቢስኮ ነው። ሩቢስኮ ከትልቅና ከትንሽ ክፍል የተገጠመ ነው። የትልቁ ክፍል ጽሕፈት በክሎሮፕላስት ሲቀር፣ የትንሹ በኒውክለስ ይገኛል። ስለዚህ ትንሹ ክፍል በውጭ ይሠራና፣ አድራሻ እንደ ተጻፈበት ደብዳቤ የመግቢያ ምልክት ይዞ ወደ ክሎሮፕላስት ይላካል።

ይህ መተላለፍ በጥንት ዘመን ተፈጽሞ ያበቃ ነውን? በአውስትራሊያ አገር በአደሌድ ከተማ ያሉ ሊቃውንት ይህን በትምባሆ ተክል መረመሩ። ካናማይሲን የሚባለውን መድኃኒት የሚያስችል ዘረ መል በክሎሮፕላስት ውስጥ አኖሩ፤ ይኸውም በኒውክለስ ካልገባ በቀር የማይነበብ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። በትምባሆ ክሎሮፕላስት የሚወረሰው ከእናት ነው፤ ስለዚህ የዚህን ተክል የአበባ ብናኝ በሌላ ተራ ትምባሆ ላይ አድርገው ዘሩን በመድኃኒቱ ላይ ዘሩት። ከ250,000 ያህል ቡቃያ ሌላው ሁሉ ሲነጣ 16ቱ አረንጓዴ ሆነው ቀሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በታተመው በዚህ ምርመራ፣ ከ16,000 ብናኝ በአንዱ ጽሕፈቱ ወደ ኒውክለስ መሻገሩ ታወቀ።

ይሁን እንጂ የተሻገረው ሁሉ ሥራ አይሠራም። በመጽሐፍ መካከል በስሕተት የተሰፋ ቅጠል እንደማይነበብ፣ አብዛኛውም የኒውክለስን የንባብ ምልክት ስለሌለው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜም ይፋቃል። ምልክቱን ያገኘው ጥቂቱ ግን ለተክሉ አዲስ ሀብት ይሆናል።

ይህን ማወቅ ለእርሻም ይጠቅማል። ሰው በጥበብ ወደ ተክል ያገባው ዘረ መል በብናኝ ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይሄድ፣ በክሎሮፕላስት ውስጥ ቢቀመጥ ይጠበቃል ተብሎ ይመከራል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን አጥሩ ጠንካራ ቢሆንም ጥቂት ቀዳዳ እንዳለው ትምባሆው መስክሯል። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሚደክም ሰው አጥሩን አምኖ አይተኛ፤ ቀዳዳውንም ይቍጠር።