የኢምቤድድ መሣሪያዎች ፋይል ሲስተም

የኢምቤድድ መሣሪያዎች ፋይል ሲስተም ለአንድ የተወሰነ ሥራ በተሠሩ መሣሪያዎች ማኅደረ ትውስታ ላይ ፋይሎችን የሚያስቀምጥ፣ የሚያደራጅና መልሶ የሚያነብ የሶፍትዌር ክፍል ነው። ኢምቤድድ የሚባሉት እንደ ኢንተርኔት ራውተር፣ የቴሌቪዥን ሪሲቨርና የካርድ ክፍያ ማሽን ያሉ፣ በውስጣቸው ኮምፒዩተር ያለባቸው ዕቃዎች ናቸው። ከፋይል ሲስተማቸው በዋናነት ሁለት ነገሮች ይጠበቃሉ፦ ፍጥነት፣ እንዲሁም ኃይል በድንገት ቢቋረጥም መረጃን ጠብቆ ማቆየት።

የኃይል መቋረጥ

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ለምሳሌ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ቀጨኔ አካባቢ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪ የሌለው ራውተር በዚያው ቅጽበት ሥራውን ያቆማል። በዚያን ጊዜ ፋይል እየጻፈ ከነበረ ችግር ሊፈጠር ይችላል። ፋይል መጻፍ አንድ እርምጃ አይደለምና፤ ይዘቱ ይጻፋል፣ መጠኑና ያለበት ቦታ ይመዘገባል፣ የነፃ ቦታዎች ዝርዝርም ይታደሳል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተፈጠረው ፋት የቀድሞውን መዝገብ በዚያው ቦታ ስለሚያድስ፣ ኃይል በመካከል ከተቋረጠ መዝገቡና ይዘቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። የተበላሸው መሣሪያውን ለማስነሳት የሚያስፈልግ ፋይል ከሆነ መሣሪያው ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

የፍላሽ ጠባይ

አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች መረጃ የሚያስቀምጡት በፍላሽ ቺፕ ላይ ነው። ፍላሽ የሚጻፈው በትንንሽ ገጾች ሲሆን የሚጠፋው ግን በትልልቅ ብሎኮች ነው። በአንድ የተለመደ ቺፕ ገጹ 2 ኪሎባይት፣ ብሎኩ 128 ኪሎባይት ነው። የተጻፈ ገጽ ብሎኩ በሙሉ ሳይጠፋ እንደገና አይጻፍም። እያንዳንዱ ብሎክም በብዙ መጥፋት ያረጃል፤ እንደ ቺፑ ዓይነት ከጥቂት ሺህ እስከ 100,000 ጊዜ ያህል ይችላል። ስለዚህ ፋይል ሲስተሙ ወይም የቺፑ ተቆጣጣሪ ሥራውን ለሁሉም ብሎኮች ማከፋፈል አለበት።

አሠራር

ለፍላሽ የተሠሩ ብዙ ፋይል ሲስተሞች የዕቁብ ጸሐፊ መዝገብ እንደሚይዝ ይሠራሉ። ጸሐፊው የቀድሞውን ቁጥር ሳይፍቅ አዲሱን ከታች ይጽፋል፤ የሚጸናው የመጨረሻው ሙሉ መስመር ነው። መብራት ሲጠፋ በጅምር የቀረ መስመር በማረጋገጫ ቁጥሩ ይታወቃልና ይተዋል፤ የቀድሞው ግን እንዳለ ይገኛል። ያረጁ መስመሮች ሲበዙ ሕያው የሆኑት ወደ ሌላ ብሎክ ተገልብጠው አሮጌው ብሎክ ይጠፋል።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1999 የስዊድኑ አክሲስ ኮሙኒኬሽንስ ጄኤፍኤፍኤስን ሠራ። ዴቪድ ዉድሃውስ በሬድ ሃት ያዘጋጀው ጄኤፍኤፍኤስ2 በ2001 ወደ ሊኑክስ ገባ። ይህ ፋይል ሲስተም በኢትዮጵያ ተማሪዎች እጅም ገብቷል። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» በተባለው ፕሮግራም በ2008 ገደማ ወደ አገሪቱ የገቡት የኤክስኦ ላፕቶፖች ሃርድ ዲስክ አልነበራቸውም፤ 1 ጊጋባይት ፍላሻቸው የሚሠራው በጄኤፍኤፍኤስ2 ነበር። ፋይሎችን አምቆ ማስቀመጡ ለጠባቡ ቦታ ጠቅሟል። ሆኖም ሲነሳ ፍላሹን መቃኘት ስላለበት፣ ቦታው በሰፋ ቁጥር አነሳሱ ይዘገያል።

በ2008 ወደ ሊኑክስ የገባው የኖኪያ ዩቢአይኤፍኤስ ማውጫውን በፍላሹ ላይ በማስቀመጥ ይህን መዘግየት ቀነሰ። በ2017 ይፋ የሆነው የአርም ሊትልኤፍኤስ ደግሞ በጣም አነስተኛ ራም ላላቸው መሣሪያዎች የታሰበ ነው።

ፍጥነትና አስተማማኝነት

ዩቢአይኤፍኤስ ጽሑፉን ለጊዜው በራም ስለሚያቆይ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ወደ ፍላሽ ያልወረደው ከመብራቱ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ እንደ ክፍያ ያለ መረጃ የሚይዝ ፕሮግራም «ተከናውኗል» ከማለቱ በፊት ጽሑፉ ወደ ፍላሽ እንዲወርድ ማዘዝ አለበት። ይህ ትእዛዝ ሲበዛ ግን መሣሪያው ይዘገያል፣ ፍላሹም ቶሎ ያረጃል።

ሌላው ዘዴ ዋናውን ሥርዓት ከሚለዋወጠው መለየት ነው። ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው የራውተር ሶፍትዌር ዋና ፋይሎቹን ለንባብ ብቻ በሆነ ክፍል፣ የተጠቃሚውን ለውጦች ደግሞ በሌላ ክፍል ያስቀምጣል። የሪሴት ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ የሚጠፋው ሁለተኛው ብቻ ስለሆነ ራውተሩ ወደ መጀመሪያ ሁኔታው ይመለሳል።