ቀላል ሞተር ብስክሌት ለሩቅ መንገድ፦ ምን ይጨመር? ምንስ ይቅር?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ተዋንያኑ ኢዋን ማክግሪገር እና ቻርሊ ቡርማን ከለንደን ተነሥተው በአውሮፓ፣ በእስያ እና በሰሜን አሜሪካ በኩል ኒውዮርክ ለመድረስ በሞተር ብስክሌት ጉዞ ጀመሩ። የያዟቸው ትልልቅ ጀርመን ሠራሽ ሞተር ብስክሌቶች ነበሩ፤ ሞተራቸው ጉልበተኛ፣ ሰልባትዮአቸው ሰፊ፣ ጓዛቸውም ብዙ ነበር። ሞንጎሊያ ሲደርሱ ግን ረግረጉ እና ጭቃው ያን ሁሉ ክብደት መከራ አደረገባቸው። አብሯቸው የሚጓዘው የካሜራ ባለሙያ ሞተር ብስክሌት በተበላሸ ጊዜ እዚያው አገር ርካሽ እና ቀለል ያለ የሩሲያ ሞተር ብስክሌት ተገዝቶለት መንገዱን ቀጠለ።

ይህ ገጠመኝ የሩቅ መንገድ ተጓዦች ዘወትር የሚያነሡትን ጥያቄ ያሳያል። ለረጅም ጉዞ የሚሻለው ከፋብሪካው ሁሉን ይዞ የሚወጣው ከባዱ ሞተር ብስክሌት ነው? ወይስ ለጠጠር እና ለጭቃ መንገድ የተሠራውን ቀላሉን ገዝቶ ለጉዞ ማሰናዳት? በርካታ ተጓዦች ሁለተኛውን ይመርጣሉ። ምርጫው የሚያዋጣው ግን አንድ ነገር ሲጠበቅ ብቻ ነው፤ የቀላሉ ሞተር ብስክሌት ትልቁ ሀብት ቅለቱ ነውና በማሻሻያ ስም ያ ሀብት መባከን የለበትም።

ልዩነቱን ለመረዳት ሁለቱን በሚዛን ማስቀመጥ ይበቃል። ለሩቅ ጉዞ የሚሠሩት ትልልቅ ሞተር ብስክሌቶች ነዳጅ ሲሞሉ ከ250 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ አሉባቸው። በአንጻሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2021 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው የሆንዳ ሲአርኤፍ 300ኤል ነዳጁን ጨምሮ 142 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሰው በማይገኝበት በረሃ ሞተር ብስክሌቱ ቢወድቅ አንድ ሰው ብቻውን 142 ኪሎ ግራሙን በዘዴ ሊያነሣው ይችላል። ሁለት መቶ ኀምሳውን ግን፣ ያውም ጓዝ እንደ ተጫነበት፣ ለማንሣት ረዳት መጠበቅ ግድ ይሆናል። በጭቃ ውስጥ ሚዛን ሲስት በእግር ደግፎ ማቆም የሚቻለውም ቀላሉን ነው። አወዳደቅ ላይ እግር ከሥር ቢያዝ እንኳ የጉዳቱ መጠን ከክብደቱ ጋር ይያያዛል።

ይሁን እንጂ ቀላሉ ሞተር ብስክሌት እንደ ተገዛ ለሩቅ መንገድ አይበቃም። ከላይ የተጠቀሰው ሞዴል ሞተሩ 286 ሲሲ ሲሆን 27 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያወጣል፤ ማርሹ ስድስት ነው። ሰልባትዮው የሚይዘው ግን 7 ነጥብ 8 ሊትር ብቻ ነው። ሴላው ጠባብ ነው፤ ሞላው ለስላሳ ነው፤ ለዕቃ መጫኛ የተዘጋጀ ቦታም ብዙ የለውም። የማሻሻያው ሥራ የሚጀምረው ከእነዚህ ጉድለቶች ነው።

የመጀመሪያው ነዳጅ ነው። አምራቹ ሞተር ብስክሌቱ በአንድ ሊትር 32 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሄድ ይገልጻል። በዚህ ስሌት ሙሉ ሰልባትዮ 250 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ጓዝ ሲጫን፣ ነፋስ ከፊት ሲመጣ እና ጭቃ ሲበዛ ግን ፍጆታው ይጨምራል። በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ርቀቱ ወደ 195 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከካይሮ ኬፕታውን በሚወስደው የታወቀ መንገድ ላይ ከሞያሌ እስከ ኬንያዋ ማርሳቢት ያለው ርቀት ብቻ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መኻል ላይ ነዳጅ ካልተገኘ ተጓዡ በረሃ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

መፍትሔው ሰልባትዮውን 12 ሊትር ገደማ በሚይዝ መለወጥ ነው። ጭማሪው 4 ሊትር አካባቢ ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን 0 ነጥብ 75 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን የተጨመረው ነዳጅ ክብደት ከ3 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም። የሚሄደው ርቀት ግን በዚያው በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ስሌት 300 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሰልባትዮ የመለወጥ አቅም የሌለው ሰው ለነዳጅ ተብሎ በተሠራ ጠንካራ ጀሪካን ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ትርፍ ሊይዝ ይችላል። የውኃ መያዣ ላስቲክ ለቤንዚን አይሆንም፤ ትነቱ ያሳብጠዋል፤ በማርሚታው ግለት አጠገብ ከታሰረም እሳት ያስነሣል።

ሁለተኛው ሞላው ነው። ብዙዎች አስቀድመው የሚገዙት ለዓይን የሚታየውን ዕቃ ነው፤ የመንገዱን ምቾትም ሆነ ደኅንነት የሚወስነው ግን ሞላው ነው። አስፋልቱ ከመሠራቱ በፊት የሞያሌ ማርሳቢት መንገድ የተጓዦችን ሾክ አብዞርበር እና የዕቃ መጫኛ ብረት በመስበር የታወቀ ነበር። የሚሰብረው ድንጋዩ ብቻ አልነበረም፤ ለአንድ ሰው ክብደት የተሠራ ሞላ ሰውንም ጓዝንም ተሸክሞ እስከ መጨረሻው እየተጨመቀ ብረት ከብረት መጋጨቱ ጭምር ነው።

ሞላው ለጭነቱ መብቃት አለመብቃቱን በሜትር መለካት ይቻላል። መጀመሪያ የኋላው ጎማ ከመሬት እንዲነሣ ተደርጎ ከጎማው መኻል ብረት እስከ ሴላው ሥር ያለው ርቀት ይለካል። ቀጥሎ ነጂው ከነሙሉ ጓዙ ተቀምጦ ያው ርቀት ዳግም ይለካል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሞላው በአጠቃላይ ከሚጨመቅበት ርቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ቢሆን መልካም ነው። በምሳሌነት በቀረበው ሞተር ብስክሌት ሞላው የሚሄደው 260 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ ልዩነቱ ከ85 ሚሊ ሜትር ብዙ መብለጥ የለበትም። ከዚያ ከበለጠ ሞላውን ማጥበቂያው ይዞራል፤ ጠብቆም ካልተስተካከለ ወይ ጠንከር ያለ ሞላ ይገባለታል፣ ወይ ጓዙ ይቀነሳል። ጓዙን መቀነስ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛው የጓዙ አቀማመጥ ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር ብስክሌቶች ሴላውን እና የኋላ ጭነቱን የሚሸከመው የሻንሲ ክፍል ቀጭን ነው። ከኋላው ጎማ ወደ ኋላ ወጥቶ የታሰረ ዕቃ እንደ ዘንግ ጫፍ ሆኖ ያንን ብረት ይጫነዋል፤ በጉድጓዳማ መንገድ ላይ በየዝላዩ ይመታዋል። ውሎ አድሮ ብየዳው ይሰነጠቃል። ከዚህም በላይ የፊተኛው ጎማ ስለሚቀልለው መሪው መንገድ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ከባዱ ነገር፣ ማለትም መፍቻው፣ ትርፍ ካላማዳሪያው እና ውኃው ዝቅ ብሎ ወደ ነጂው ተጠግቶ ይታሠራል። ቀላሉ ነገር፣ ማለትም ልብሱ እና የመኝታ ከረጢቱ ከላይና ከኋላ ይሆናል።

ለዚሁ ሲባል በቀላል ሞተር ብስክሌት የሚሄዱ ተጓዦች ከብረት ሣጥን ይልቅ ውኃ የማያስገባ የሸራ ከረጢት ይመርጣሉ። ሣጥኑ ገና ባዶውን ከነማሠሪያ ብረቱ ብዙ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሲወድቅም እግር ሊሰብር ይችላል። ከረጢቱ በአንጻሩ ሲወድቅ ይታጠፋል፤ ቢቀደድም በመርፌ እና በክር ይሰፋል።

አራተኛው ጉልበት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ ምክንያቱም ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው ጎንደር የ27 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር አንድ አምስተኛውን ያህል አጥቶ ይደርሳል። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ በሚወጣው የሰሜን ተራሮች መንገድ ደግሞ የሚያጣው ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል። ነዳጅን በኤሌክትሮኒክ የሚረጩ ሞተሮች ልኩን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ካርቡሬተር ያላቸው ግን በከፍታ ቦታ ነዳጁ ይበዛባቸዋል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣሉ፣ ይታፈናሉ፤ ባለሙያ አነስ ባለ ጂግለር ሊያስተካክላቸው ይገባል።

የጎደለውን ጉልበት ለመካስ ውድ የሞተር ሥራ አያስፈልግም። ካቴናው የሚዞርበትን የፊተኛ ጥርሳም ብረት ከ14 ጥርስ ወደ 13 መለወጥ በኋላው ጎማ ላይ የሚደርሰውን ጉልበት በ8 በመቶ ገደማ ያሳድጋል። ዳገት ላይ እና በጭቃ ውስጥ ይህ በግልጽ ይታወቃል። ዋጋውም ቀላል ነው። ሆኖም በነጻ የሚገኝ ነገር የለም፤ በአስፋልት ላይ ሞተሩ በተመሳሳይ ፍጥነት ይበልጥ ይሽከረከራል፤ ነዳጅም ይጨምራል። መንገዱ በአብዛኛው አስፋልት ለሆነ ሰው የፋብሪካው ልክ ይሻላል።

አምስተኛው ጎማ እና ቸርኬ ነው። እነዚህ ሞተር ብስክሌቶች ባለ ራጂ ቸርኬ እና ባለ ካላማዳሪያ ጎማ አላቸው። የጎማው አየር በጭነት ልክ ካልተሞላ ካላማዳሪያው በድንጋይ እና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል። ጎሚስታ በሌለበት መንገድ ጎማ ለመፍታት የሚያገለግሉ ሁለት ማንሻዎች፣ መለጠፊያ፣ የእጅ ፓምፕ እና አንድ ትርፍ ካላማዳሪያ መያዝ ግዴታ ነው። ከሁሉም በላይ ጎማውን ራስ ፈትቶ መግጠም በቤት ግቢ ውስጥ አስቀድሞ መለማመድ ይገባል። የላሉ ራጂዎችን በየዕለቱ በጣት ነካ እያደረጉ መፈተሽ፣ ካቴናውንም ጓዝ ተጭኖ መመልከት ያስፈልጋል። ባዶውን በልክ የመሰለ ካቴና ጭነት ሲያርፍበት ሊወጠር ይችላል፤ የተወጠረ ካቴናም ኩሽኔታ ይበላል።

ከእነዚህ በተጨማሪ ጥቂት ገንዘብ የሚያስወጡ ግን ብዙ የሚያተርፉ ነገሮች አሉ። ከሞተሩ ሥር የሚታሠር የአሉሚኒየም መከላከያ ድንጋይ የሞተሩን ሆድ ሰብሮ ዘይቱን እንዳያፈሰው ይጠብቃል። የእጅ መከላከያ ደግሞ ሞተር ብስክሌቱ ሲወድቅ የፍሬን እና የፍሪሲዮን መያዣዎች እንዳይሰበሩ ያደርጋል። ሰፋ ያለ ሴላ ነጂውን ከድካም ያሳርፋል፤ ድካም ደግሞ የአደጋ ምንጭ ነው። አቧራማ መንገድ ላይ የአየር ፊልትሮውን ደጋግሞ ማጽዳት የሞተሩን ዕድሜ ያረዝማል፤ አነስተኛ ሞተር የሚይዘው ዘይትም ጥቂት በመሆኑ በወቅቱ መለወጥ አለበት።

የማያስፈልገውንም ማወቅ ያሻል። የሚጮኽ ማርሚታ ጉልበት የሚጨምር ይመስላል እንጂ ዋና ውጤቱ ድምፅ ነው። የሞተሩ ኤሌክትሪክ ከሚችለው በላይ የተጨመረ ባውዛ ባትሪውን ያራግፋል። «ምናልባት ያስፈልገኛል» ተብሎ የተያዘ ዕቃ ሁሉ መንገዱን ሙሉ በሞላው፣ በፍሬኑ እና በነጂው ጉልበት ይከፈልበታል። ልምድ ያላቸው ተጓዦች ጓዛቸውን ካሰናዱ በኋላ በሚዛን ላይ አስቀምጠው ይመዝናሉ፤ ለሁለት ቀን በቅርብ መንገድ ይሞክሩታል፤ ሲመለሱም ያልነኩትን ያስቀራሉ።

ይህ ስሌት በአህጉራት መካከል ለሚጓዙ ብቻ የሚሆን አይደለም። ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ በ125 ወይም በ150 ሲሲ ሞተር ብስክሌት የሚመላለስ ሰው ከዚሁ ሕግ ሥር ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው አፈናጥጦ 50 ኪሎ ግራም የማዳበሪያ ጆንያ ከኋላ በፖርቶመጋላ ላይ ያሠረ ነጂ የሞተር ብስክሌቱን ክብደት የሚያህል ጭነት ጨምሮበታል። ዳገት ላይ የፊቱ ጎማ ይነሣል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይግላል። ከጎሐ ጽዮን ወይም ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት አለው፤ በእንዲህ ዓይነት ቦታ በዝቅተኛ ማርሽ በሞተሩ ጉልበት እየያዙ መውረድ እንጂ በፍሬን ብቻ መተማመን ለሞት ይዳርጋል።

ሞተር ብስክሌቱ የሚችለው ከፍተኛ ጭነት ከአምራቹ በሚሰጠው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ሰፍሯል። ነጂው፣ ተፈናጣጩ፣ ዕቃው እና የተጨመረው ብረት ሁሉ በዚያ ቁጥር ውስጥ ይቆጠራሉ። ከመነሣት በፊት ቁጥሩን አንብቦ ጓዙን መመዘን፣ የጎማ አየር ማየት፣ ካቴናውን መንካት እና የራስ ቁር ማድረግ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።